ካልሲ ያጠለቀችው ሟች

በረዶው ሲጥል አድሮ ገና ማባራቱ ነበር። የካሜኖያ ቤት አሽከር አንድ እግር ጫማውን መንገድ ላይ ጥሎ እየሮጠ መጣና በትልቁ በር ሥር ካለችው የጥበቃ ቤታችን ዘው አለ።

«ቡንኪቺ! ሃጊኖን ገድለዋታል! ጌታውን ጥራልኝ!»

ቡንኪቺ እኔ ነኝ። አሁን የመርማሪ ኢናጋኪ ረዳት ነኝ፤ ከዚያ በፊት ሌባ ነበርኩ። በእኛ ከተማ ሌባ እንዲይዝ የሚቀጠረው ሌባ የነበረ ሰው ስለሆነ ይህን ስናገር አላፍርም። ጌታው የተባለው ኢናጋኪ ደግሞ እዚያው ማንደጃው አጠገብ እግሮቹን ዘርግቶ ይሞቅ ነበር። ብርድ ሲመጣ የእግሩ ጣቶች ያብጣሉ፣ ያሳክኩታል፤ ያኔ አብሮት ለሚውል ሰው ወዮለት።

«ማን ሞተች አለ?»

«ሃጊኖ፣ ጌታዬ።»

ካልሲውን አጠለቀ። ዮሺዋራ በሚባለው፣ በአጥር በታጠረው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈራችን ሃጊኖን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ከፍ ባለ የእንጨት ጫማዋ፣ ሁለቱን ትንንሽ ደንገጡሮቿን ከፊት አስቀድማ በዋናው መንገድ ስታልፍ ሻጩም ገዢውም ሥራውን ይተው ነበር። አንድ ጊዜ በረዶ ላይ ስትራመድ አንድ ሰካራም «እግርሽን አይበርድሽም ወይ?» ብሎ ሲያሾፍባት ሰምቻለሁ። ዞር ብላ እንኳ ሳታየው «የዮሺዋራ ሴት እግሯን አይበርዳትም» አለችውና አለፈች። ሕዝቡ አጨበጨበላት። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው። እንደገባን ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ ኢናጋኪ «እፎይ» ሲል ሰማሁት። የከሰሉ ማንደጃ ገና እንደጋለ ነው። ሃጊኖ በሦስት ድርብ ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። አንገቷ ላይ ቀይ መቀነት ተጠምጥሟል። የቤቱ እመቤት ኦታኪና የሴቶቹ አለቃ አሮጊቷ ኦኩማ በር ላይ ቆመዋል። ጥግ ላይ ደግሞ ሁለቱ ደንገጡሮች፣ ናሚጂና ቺዶሪ፣ አንድ ዓይነት ኪሞኖ ለብሰው እንደ መንታ ተለጥፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱም አሥር ዓመት ቢሆናቸው ነው።

«ዮሱኬ ነው የገደላት» አለች ኦታኪ፣ ገና ሳንጠይቃት። «የወረቀት ነጋዴው ሠራተኛ፣ ወዳጇ። ማታ እዚህ ነበር፤ ጠዋት ገና ትልቁ በር ሲከፈት ሹልክ ብሎ ወጣ። ‹አብረን እንሙት› ሲላት ከርሟል አሉ። እሷ እምቢ ስትል አነቃት፤ በቃ!»

«አየሽው?»

«ማየት ያስፈልጋል እንዴ? እግሯን ይዩት እንጂ፣ ጌታዬ!»

ኦኩማ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። እኔ ክው አልኩ። ሃጊኖ ካልሲ አድርጋለች።

የሰፈራችን ሴት ካልሲ አታደርግም። ብርዱ ምንም ቢበረታ፣ እንደ ሃጊኖ ካለችው ዝነኛ እስከ ትንሿ ደንገጡር፣ ባዶ እግር ነው የሚኬደው። ክብራቸው እሱ ነው። እዚያ ቤት ካልሲ ያላቸው እንግዶቹ፣ አሽከሮቹና እንደ ኦታኪና እንደ ኦኩማ በእድሜ ከገበያ የወጡት ብቻ ናቸው። ሃጊኖን በካልሲ ማየት ሌላ ሰው ሞቶ የማየት ያህል ሆነብኝ።

ካልሲዎቹ የወንድ ናቸው፤ ሰፊ፣ ነጭ ሆነው የአንደኛው ተረከዝ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። እግሯ ላይ ክፉኛ ተጨማደዋል፤ በአገራችን ካልሲ ሁሉ አውራ ጣት ለብቻዋ የምትገባባት ክፍል ባዶዋን ወደ ጎን ተንጠልጥላለች። ኢናጋኪ ጎንበስ ብሎ አያቸውና «እግሯ አብጦ ነው» ብሎ አወለቃቸው። ውስጥ እግራቸው ንጹሕ ነበር። የተረከዞቹ ጀርባ ግን ከሰል ነክቶት ጠቁሯል። እንደ ኪስ በሚያገለግለው ሰፊ እጅጌው ውስጥ ከተታቸው።

አንገቷንም ረዘም ላለ ጊዜ መረመረ። «የታነቀ ሰው ፊቱ እንዲህ አይሆንም» ሲል ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ይቺ እኮ የተኛች ነው የምትመስለው።»

ከዚያ የእጇን አንጓ ነካ፤ ጣቱ ላይ ሴቶቹ ፊታቸውን የሚቀቡት ነጭ ዱቄት ቀረ። አንጓዋ ድረስ ተቀብታለች።

ስንወጣ ቺዶሪ የምትባለዋ ዓይኗን ከኢናጋኪ እጅጌ ላይ አልነቀለችም። የፈራች መስሎኝ አለፍኳት።

ዮሱኬን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሱቁ ውስጥ ተንበርክኮ ወረቀት ይቆርጣል፤ እግሩ ባዶ ነው፣ ቀልቷል።

«ካልሲህስ?»

«ጠፋብኝ። ማታ ካሜኖያ አውልቄው ተኝቼ ነበር፤ ስነሳ የለም። የሃጊኖ ደንገጡሮች ቀልደውብኝ ይሆናል ብዬ...» ፊቴን አየና ቆመ። «ምን ሆነ?»

ነገርኩት። ሰው እንደዚያ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አስመሳዩንም እውነተኛውንም እለያለሁ እላለሁ። እሱ አልጮኸም። የሚቆርጠውን ወረቀት ጠርዙን አስተካከለ፣ ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አላየኋትም እኮ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ አላየኋትም። እሜቴ ኦታኪ ‹ሌላ እንግዳ ይዛለች፣ ታች ጠብቃት› አለችኝ። መጠጥ ሰጡኝ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«የተኛ ሰው ማን ያየዋል፣ ወንድሜ?»

ወደ ጥበቃ ቤታችን አመጣሁት፤ ኢናጋኪ ካልሲዎቹን ሲያሳየው በሰማያዊው ክር አወቃቸው፤ እናቱ ናት የሰፋችለት። ይህ ለኦታኪ ክስ ከበቂ በላይ ነው። ኢናጋኪ የበላዮቹን ያውቃቸዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ዮሱኬ ወደ ትልቁ እስር ቤት መወሰዱ አይቀርም። እዚያ የገባ ሰው ጉልበቱ ላይ ድንጋይ እየተደረደረበት ያልሠራውንም ያምናል፤ ካመነ ደግሞ አንገቱ ይቆረጣል። ልጁን ለማዳን የነበረን ያ አንድ ቀን ብቻ ነው።

«ምን ይመስልሃል?» አለኝ ኢናጋኪ።

«እኔ ሴት ገድዬ ብሸሽ፣ ካልሲዬን አውልቄ ለሬሳ አላደርግም ጌታዬ። በዚህ ብርድ!»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት» አለና እግሩን አከከ።

የካሜኖያ ወጥ ቤት ሠራተኛ አንድ ነገር ሹክ አለችን። ለካ ማታ ጎሄይ የተባለው ሩዝ ነጋዴ ሃጊኖ ክፍል ውስጥ ቤቱን በጩኸት ሲያናጋው ነበር። ኢናጋኪ ዓይኑ በራ። ጎሄይ ሀብታም ነው፣ ቁጡ ነው፣ እጁም ይፈጥናል ይባላል። ኦታኪ ስለ እሱ አለመናገሯ ራሱ ያጠራጥራል።

ጎሄይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዓሣ እያስጠበሰ ተቀበለን።

«እኔ ልገድላት? ካፖርቴን ነው ያቃጠለችብኝ እንጂ ቤቴን አይደለም!» ብሎ ተቆጣ። «ጨዋታችን ደምቆ ሳለ ፍም ካፖርቴ ላይ ወደቀ። ሐር ነው! ተነስቼ ሄድኩ። ያላመነ የወንበር ተሸካሚዎቼን ይጠይቅ፤ ማታ ትልቁ በር ሳይዘጋ ወጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ።»

ተሸካሚዎቹም መሰከሩለት፤ በረኛውም። የጎሄይ ነገር በዚሁ አለቀ። ልንወጣ ስንል ግን ኢናጋኪ ዞር አለ።

«ፍሙን የጣለችው ሃጊኖ ናት?»

ጎሄይ ቾፕስቲኩን አንስቶ አመነታ። «ሃጊኖ ‹ከፒፓዬ ነው የወደቀው› አለች። እኔ ግን አይቻለሁ። ያቺ ትንሿ፣ መቆንጠጫውን ይዛ የተቀመጠችው፣ አንቀላፍታ ነው የጣለችው። ኦኩማ ልጅቷን በጆሮዋ ይዛ ስታስነሳት ሃጊኖ መሃል ገባች። ‹እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ› አለቻት። ኦኩማም ‹እንግዲያው ቅጣቱ ያንቺ ነው› አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ሄድኩ።»

«የትኛዋ ትንሿ?»

«ምን አውቃለሁ? አንድ ዓይነት አይደሉ!»

ወደ ጥበቃ ቤታችን ስንመለስ ዮሱኬ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ኢናጋኪ የረጠበ ካልሲውን አውልቆ ማንደጃው ላይ አደረቀ፣ እግሩን ሞቀ፣ አከከ፣ ተራገመ። ከዚያ ሐሳብ ይዞት ዓይኑ ሌላ ቦታ እያለ ካልሲውን መልሶ ማጥለቅ ጀመረ። አልገባ አለው። ጎተተው። አውራ ጣቱ መግቢያዋን አጣች፤ ባዶዋ ክፍል ወደ ጎን ተንጠለጠለች።

«ጌታዬ፣ የግራውን ነው በቀኝ...» ብዬ ሳልጨርስ እጁን አነሳ። ጨርቁን አተኩሮ አየው። እኔም አየሁት። ጠዋት ሃጊኖ እግር ላይ ያየነው ይኸው ነው።

«እግሯ አላበጠም ነበር» አለ። «ግራና ቀኙን ገልብጦ ነው ያደረገላት። አንተ ዮሱኬ፣ ካልሲህን ገልብጠህ አድርገህ ታውቃለህ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማደርገው፤ እንዴት እገለብጣለሁ?»

«ሰምተሃል ቡንኪቺ? ካልሲ የሚያደርግ ሰው ለሌላ ሲያጠልቅ ግራና ቀኝ አይጠፋውም። እኔ እንኳ ቢጠፋኝ አንዴ ስጎትተው አወቅሁ። ይህን ያጠለቀው ሰው በሕይወቱ ካልሲ አድርጎ አያውቅም። ኦኩማ ታደርጋለች፣ ኦታኪ ታደርጋለች፣ አሽከሮቹም ያደርጋሉ። ማን ቀረ?»

ማን እንደቀረ ገባኝ።

«ደግሞ ለሰው ካልሲ የሚደረግለት ለምንድን ነው?» አለ ኢናጋኪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስለበረደው ነው። ያ ክፍል ግን እንደ ዳቦ ምድጃ ይሞቃል። ሃጊኖ የሞተችው እዚያ አይደለም።»

ሁለቱን ደንገጡሮች ለብቻቸው ወደ ሃጊኖ ክፍል አስጠራቸው። ሬሳው ወርዷል። ኦኩማ አብሬ ካልገባሁ ብላ ስትጨቃጨቅ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። ኢናጋኪ የራሱን ካልሲ አውልቆ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

«ጨዋታ ነው» አላቸው። «ማን ቶሎ ታጠልቃለች? ናሚጂ፣ ጀምሪ።»

ናሚጂ የከተማ ልጅ ናት። ወደ ቤቱ ከመምጣቷ በፊት አባቷ ጨርቅ ያቀልም ነበር፤ እሷም ካልሲ ታደርግ ነበር። ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ አድርጋ «ይሸታል!» ብላ አፍንጫዋን ያዘች። ኢናጋኪ ሳቀና አስወጣት።

ቺዶሪ ከሩቅ የበረዶ አገር የመጣች ናት፤ አገሯ የገለባ ጫማ እንጂ ካልሲ አታውቅም። አንዱን አንስታ አገላበጠችው። ግራ እግሯን ቀኙ ውስጥ ከተተችና አውራ ጣቷ አልገባ ስትል እንዲሁ ጨማድዳ ጎተተችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችን። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ፊታችን ላይ አነበበች።

ኢናጋኪ አልተቆጣም። ሰው ላይ ሲጮህ እንጂ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ጨለማ ነበር?»

ልጅቷ ካልሲውን አወለቀችው። «ጨለማ ነበር።»

«የት?»

«ከሰል ማከማቻው ውስጥ። እትዬ ሃጊኖን ምሰሶው ላይ አሰሯት። አንድ ነጠላ ልብስ ብቻ አስቀሩላት። እኔ ነበርኩ መታሰር የነበረብኝ፤ ፍሙን የጣልኩት እኔ ነኝ። እንቅልፌ መጥቶ...»

«አውቃለሁ። ቀጥይ።»

«ሁሉም ሲተኛ ሄድኩ። ገመዱን ልፈታው ብል አቃተኝ፤ ጠንካራ ነው። እግሯ እንደ በረዶ ሆኗል። ጋሼ ዮሱኬ ታች ተኝቶ ካልሲው አጠገቡ ነበር፤ ወሰድኩት። እትዬ ተቆጣችኝ። ‹አውልቂው! ሰው ቢያየኝ ምን እባላለሁ?› አለችኝ። አለቀስኩ። ሳለቅስ ጊዜ ‹እሺ፣ እስኪነጋ ብቻ፤ ማንም ሳያየኝ መጥተሽ ታወልቂልኛለሽ፣ አደራ› አለችኝ። እግሯን አቅፌ ተቀመጥኩ። በኋላ ‹ሞቀኝ፤ አሁን ሂጂ ተኚ› አለችኝ።»

እዚህ ላይ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች።

«ከዚያስ?»

«ተኛሁ» አለች። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። «በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ነግቷል። አደራ ብላኝ አላወለቅኩላትም። ሰው ሁሉ አያት።»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ያቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አፏን ዘግታ የተቀመጠችው ኦኩማን ፈርታ ብቻ አልነበረም። የእመቤቷን ክብር ያዋረደችው እሷ መስሏት ነበር።

«ቺዶሪ፣ ስሚኝ» አለ ኢናጋኪ። «ካልሲውን አውልቀሽላት ቢሆን ሃጊኖ እንዴት እንደሞተች ማንም አያውቅም ነበር። እንኳን ተኛሽ።»

«እንኳን» አለች ልጅቷ፣ ቃሉ እንዳልገባው ሰው። ከዚያ «ጋሼ ዮሱኬ ይፈታል?» ብላ ጠየቀች።

«ይህን እኔ ፊት ለኦኩማ ደግመሽ ትናገሪያለሽ?»

ወደ ተዘጋው በር አየች። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ከነገ ጀምሮ የምትኖረው ከእነዚያው ሴቶች መካከል ነው። ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከሰል ማከማቻው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። ምሰሶው ላይ የገመዱ ቁራጭ እንዳለ ነው፤ መሬቱ ላይ ሁለት ተረከዝ የተጎተተበት መስመር እስከ በሩ ድረስ ይታያል። ኢናጋኪ እርጥብ ጨርቅ አስመጥቶ የሃጊኖን አንጓ ጠረገ። ከዱቄቱ ሥር ገመዱ የበላው ጠቁሮ ወጣ። ቺዶሪ ቃሏን ደገመች፤ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሰበረው።

ኦታኪ ሁሉንም ኦኩማ ላይ ለጠፈችው። ኦኩማ ግን አልካደችም። ጠዋት ሊፈቷት ሲሄዱ ደርቃ እንዳገኟት፣ ወደ ሞቀው ክፍሏ እንደጎተቷት፣ ካልሲውን ሲያዩ ሰበብ የሚሆን ሰው እንዳገኙ ቁጭ ብላ ተናገረች። መቀነቱን ያሰረችው እሷ ናት።

«ልገድላት አላሰብኩም» አለች። «እኔም በጊዜዬ እዚያው ምሰሶ ላይ ታስሬያለሁ፣ በበረዶ። እኔ አልሞትኩም።» ይህን ስትል ካልሲ ያደረጉ እግሮቿን ቁልቁል ታያለች። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ እንደፈለግኩት አልሆነልኝም።

ሁለቱን ሴቶች አስረን ሰደድናቸው፤ ዮሱኬን ፈታነው።

የሰፈራችን ሴት ስትሞት ወደ ቤተ መቅደሱ የምትሄደው በገለባ ምንጣፍ ተጠቅልላ ነው፤ ከበሮም ለቀስተኛም የለም። የሃጊኖን ምንጣፍ አንዱን ጫፍ ዮሱኬ፣ አንዱን እኔ ይዘን ወሰድናት። ቺዶሪ ከኋላ ተከተለችን። ኢናጋኪ መጥቶ ከእጅጌው ካልሲዎቹን አወጣ።

«ማስረጃነታቸው አልቋል» ብሎ ለዮሱኬ ሰጠው። ዮሱኬ ለልጅቷ አቀበላት።

«‹እስኪነጋ ብቻ› ነው እኮ ያለችኝ» አለች ቺዶሪ።

«እዚህ የሚያያት ሰው የለም» አለ ዮሱኬ። «አሁን አድርጊላት።»

ምንጣፉን ገለጥኩላት። አጠገቧ ተንበርክኬ አውራ ጣት ወደ ውስጥ በኩል እንደምትሆን አሳየኋት። ቀስ ብላ፣ ጨርቁን እየዳበሰች፣ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ አጠለቀችና ማሰሪያውን ቋጠረች። የዮሱኬ እናት የሰፋችበት ሰማያዊ ክር ከላይ ይታያል። ዮሱኬ ያኔ ነው ያለቀሰው፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።

ካሜኖያ ተዘጋ። ሴቶቹ በየቤቱ ተከፋፈሉ፤ ቺዶሪም የተሸጠች ልጅ ናትና በዚያው መንገድ ማዶ ላለ ሌላ ቤት ተሰጠች። ኢናጋኪ እንድትለቀቅ ለበላዮቹ ጠይቆ ነበር። ስቀውበታል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እግሩን አሳክኮት እንኳ አላማረረም።

በምትወሰድበት ጠዋት በረዶ እንደገና ጥሎ ነበር። በአዲሱ ቤት ደጃፍ ጠበቅኳትና ከገበያ የገዛሁትን የልጅ ካልሲ በእጇ አኖርኩላት። ቺዶሪ አገላብጣ አየቻቸው፤ የትኛው ግራ እንደሆነ አሁን ታውቃለች። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ።

«አይፈቀድም፣ ጋሼ ቡንኪቺ።»

«ለሌሊት ብቻ፤ ማንም አያይሽም።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ አንገቷን እንደ ሃጊኖ ቀጥ አደረገች።

«የዮሺዋራ ሴት እግሯን አይበርዳትም» አለች።

የአዲሱ ቤት አሽከር ጠራት። ትንንሽ እግሮቿ በብርድ ቀልተዋል። በበረዶው ላይ ወደ ውስጥ ገባች።